ክቡር ሊቀ ቦይ እና የአስተማሪዋ ምድር ቤት

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ። ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ራሱን በጋዜጣ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ሲሮጥ፣ እሱ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከቤቱ ይወጣል። የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ የሚወጣው ውሃ ሊያይ ነው። የማን አሸንዳ በቅጠል እንደተደፈነ፣ የማን ጣሪያ ውሃ በማን ግድግዳ ላይ እንደሚወርድ፣ የትኛው ቱቦ በየትኛው ወር እንደሚያስመልሰው ያውቃል። ስለ ጤናችሁ አይጠይቃችሁም፤ ስለ ግድግዳችሁ ይጠይቃችኋል። ይህ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ የምትሉ ከሆነ ቤታችሁ ውሃ እስኪገባው ጠብቁ፤ ከየት መጣ ሳትሉት ከፊታችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

በዳገቱ ሰፈር ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንገድ ዳር ቦይ ሲቆፍሩና ሲያስቆፍሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ "ሊቀ ቦይ" ብሎ ሾሟቸዋል። ሹመቱ የተሰጣቸው ከጀርባቸው ነበር፤ ሲሰሙት ግን ቅር አላላቸውም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ደረታቸው ትንሽ ወጣ ማለቱን ያስተዋሉ አሉ።

ክቡርነታቸው ያለ መሣሪያ አይንቀሳቀሱም። በዝናብ ልብሳቸው ቀኝ ኪስ ውስጥ የግንበኛ ውሃ ልክ አለ፣ በግራው ደግሞ አንዲት የብርጭቆ ብይ። የገቡበት ቤት ሁሉ ወለል በብይዋ ይመረመራል። አንድ ጊዜ የታመመ ጎረቤት ሊጠይቁ ሄደው፣ ገና "እግዜር ይማርህ" ብለው ሳይጨርሱ ብይዋን ወለሉ ላይ ለቀቋት። ብይዋ አልጋው ሥር ገባች። እሳቸውም ተከትለዋት ገቡ። የሽማግሌ እግር ከአልጋው ሥር ወጥቶ ሲያይ፣ ሳምንት ሙሉ ያልተነሳው ሰውዬ ዘሎ ቆመ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያዳኑት እሳቸው ናቸው ይላል።

አዲስ ቤት ለሠራ ሰው ሌላው "እንኳን ደስ አለህ" ሲል፣ እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ቁልቁለቱ ወዴት ነው?"

አስተማሪዋንም የተቀበሏት በዚሁ ቃል ነበር። ወደ ሰፈሩ የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት እናቷን ይዛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ቤቱ ዳገት ላይ ስለተሠራ ወደ ላይኛው ክፍል ለመውጣት አሥራ ሁለት ደረጃ አለው፤ የእናቷ ጉልበት ደግሞ ከሁለት ደረጃ በላይ አልታዘዝም ካለ ቆይቷል። ስለዚህ እናትየዋ የያዙት ምድር ቤቱን ነው። ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ በሩ ከግቢው በሁለት አጫጭር ደረጃዎች ዝቅ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። መስኮቱ ከግቢው ወለል ጋር እኩል በመሆኑ፣ እናቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው የሚያዩት የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ ነበር። ይህን ግን እንደ ጉዳት አልቆጠሩትም። ሰውን በጫማው ይለያሉ፤ ማን እንደቸኮለ፣ ማን ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ እንደወጣ ከአረማመዱ ያውቃሉ። ረፋዱ ላይ ሁለቷን ደረጃ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሲበቃቸው ተመልሰው ይገባሉ። ከዚህ የተሻለ ቤት አይመኙም ነበር።

ግቢው ጭቃ ነበርና፣ እናቷን እንዳያዳልጣቸው ብላ አስተማሪዋ ከግድግዳው ሥር ያለውን የአበባ መደብ ብቻ አስቀርታ ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ አስደፋችው። ግንበኛው እጁ የተባረከ ነው፤ ፊት የሚያሳይ ልስን ለሰነው። ሲሚንቶው በደረቀ ማግስት ሊቀ ቦይ በሩን ከፍተው ገቡ።

"ቁልቁለቱ ወዴት ነው?"

"የምኑ ቁልቁለት፣ ጋሼ?"

"የግቢሽ ነዋ!"

ብይዋን ጎንበስ ብለው አስቀመጧት። ብይዋ መጀመሪያ ፈቀቅ አላለችም። ቀጥሎ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ፍጥነት ጨመረች፣ በግቢው ሰያፍ ተንከባልላ ሁለቷን ደረጃ ጠቅ ጠቅ እያለች ወረደችና በተከፈተው በር ገባች።

"ማነው?" አሉ እናቷ ከውስጥ።

"አየሽ ልጄ?" አሉ ሊቀ ቦይ። "ይሄ ግቢ ውሃውን ተቀብሎ፣ እጁን ይዞ፣ እናትሽ አልጋ ድረስ ነው የሚሸኘው። አሸንዳሽም የሚያፈሰው እዚሁ ግድግዳው ሥር ነው። ምን ነክቶሽ ነው?"

"እሺ ጋሼ፣ እናስብበታለን" አለች አስተማሪዋ። "እናስብበታለን" ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይመጡ ጀመር። እሷም የጃንጥላቸውን ጫፍ ስታይ መጋረጃ መሳብ ለመደች። አንድ ቀን መጋረጃው ጋ ሳትደርስ ቀድመዋት ግቢ ገቡና፣ ስንቱን ጎረምሳ በአንድ ግልምጫ ጸጥ የምታሰኘው ሴት ከወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ አሥር ደቂቃ ቆየች። በዚህ ብቻዋን አልነበረችም። እሳቸውን ሲያይ ስልክ የሚደወልለት፣ ድስት የሚያርበት፣ ልጅ የሚያለቅስበት ሰው ሰፈሩን ሞልቶታል።

ሁለት ክረምት ደህና አለፈ። ሦስተኛው ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰማዩ ያለ የሌለውን ዘረገፈው። አስተማሪዋ ላይ ቤት ፈተና እያረመች ሳለ እናቷ ከታች ተጣሩ።

"ልጄ! ነጠላ ጫማዬ እየሄደ ነው!"

"የት ነው የሚሄደው?"

"እኔ ምን አውቄ! ወደ ቁም ሳጥኑ ነው!"

እየሮጠች ወረደች። እናቷ አልጋቸው ላይ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ውሃው በበሩ ሥር እየተንዶለዶለ ይገባል፣ በግድግዳውና በወለሉ መጋጠሚያም ይመነጫል፤ ቁርጭምጭሚት አልፏል። የማሞቂያው ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ተንጠልጥሎ ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አስተማሪዋ እግሯን አነሳች።

"እንዳትገቢ!"

ድምፁ የመጣው ከኋላዋ ነው። ባለፈው ሳምንት የተደበቀቻቸው ሰውዬ እስከ ጉልበታቸው በሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ ቆመዋል።

"ውሃና መብራት አንድ ላይ ባሉበት እግርሽን አታስገቢ! እትዬ፣ ካሉበት እንዳይነቃነቁ! ቆጣሪው የት ነው?"

አስተማሪዋ በጣቷ አመለከተቻቸው። ሄደው አጠፉት። ማጥፋታቸውንም ሁለት ጊዜ አረጋገጡ። ከዚያ ብቻ ነው ውሃው ውስጥ የገቡት። እናቷን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸው ከታች እሷ ከላይ ሆነው፣ አሥራ ሁለቱን ደረጃ ተሸክመው ወጡ። ሰባተኛው ላይ ትንፋሽ ሊሰበስቡ ቆሙና አካባቢውን ቃኘት አደረጉ።

"ይሄ ደረጃ ራሱ ወደ ግራ ያዘነብላል" አሉ።

እናቷ ወንበሩ ላይ ሆነው በሳቅ ፈረሱ።

አስተማሪዋ አንድ ቃል ትጠብቅ ነበር፤ "አላልኩሽም?" የምትለዋን። ለእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ከዚህች ቃል በላይ የሚጣፍጥ ነገር የለም። ይህቺን ለማለት ሦስት ዓመት የጠበቁ ሰው፣ ባልዲ ይዘው ዝናቡ ጋብ እስኪል በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አላሏትም። በኋላም አላሏትም። እሷ በበኩሏ ቢሏት ይቀላት ነበር።

ውሃውን በባልዲ ቀዱት፣ ጭቃውን በአካፋ ዛቁት። ፍራሹና ምንጣፉ ተጣሉ። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ተነጥሎ ግቢ ወጣ፣ ወለሉና ግድግዳው በበረኪና ታጠበ፣ በርና መስኮቱ ተበረገደ። ሊቀ ቦይ በየጠዋቱ እየመጡ፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ እንደሚዳስሱ ሁሉ የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ። "ገና ነው" ይላሉ። በማግስቱም "ገና ነው።" አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ገና ነበር። አስተማሪዋ አልጋውን ልመልሰው ብላ አንድ ቀን ብትሞክር፣ "ሻጋታ ከእናትሽ ሳንባ ጋር ጎረቤት እንዲሆን ነው?" ብለው ጮኹባት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቷ ላይኛው ቤት እስረኛ ሆኑ። ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ወደ ግቢው መውረድ ቀረ። ከመስኮቱ የሚታያቸው የመብራት ምሰሶና ደመና ብቻ ነው። "ደመና ሰላም አይለኝም" ይላሉ። ምግባቸውም እየቀነሰ መጣ።

ይባስ ብሎ ሌላ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ደወለ።

"ስሚኝ እህቴ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ውሃ ቢገባ እማዬን እወስዳታለሁ። አራተኛ ፎቅ ነው ያለሁት፣ ጎርፍ አይደርስባትም።"

"ሊፍት አለው እንዴ?"

"እሱ እንኳ የለውም።"

አስተማሪዋ ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች። አራተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት ማለት፣ እናቷ አንዴ ከወጡ አይወርዱም ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። በማግስቱ ጠዋት፣ ከቁልቁለቱ በታች ከእሷ ግቢ ጋር አጥር ወደሚዋሰነው የሊቀ ቦይ ቤት ሄደች። በሦስት ዓመት ውስጥ በራቸውን ስታንኳኳ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ጋሼ" አለች፣ "ቁልቁለቱ ወዴት ነው?"

ሊቀ ቦይ ለአፍታ አዩዋት። ገብተው ዶማቸውን አመጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወር ከጎርፉ አይሻልም ነበር። ፊት የሚያሳየው ሲሚንቶ ግድግዳውን ተከትሎ ተፈለጠ። ከግድግዳው ሥር የነበሩት አበቦች አፈራቸው ውሃ ያቁራል ተብሎ ተነቅለው በስደት አጥሩ ጋ ሰፈሩ። አሸንዳው ተጠረገ፤ ከውስጡ ቅጠል፣ የወፍ ጎጆና አንድ ካልሲ ወጣ። ካልሲው የማን እንደሆነ ለማወቅ ክቡርነታቸው በሰፈሩ እየዞሩ ምርመራ አደረጉ፤ ያመነ ሰው አልተገኘም።

ቦዩን ሁለት የቀን ሠራተኞች ሊቆፍሩ መጡ። ያን ቀን ሊቀ ቦይ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ነበራቸውና የልኩን ሥራ ለአስተማሪዋ አደራ ሰጧት። ልኩ የሚወሰደው ውሃ በተሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ነው። የቱቦው ሁለት ጫፎች በሁለት ቦታ ሲቆሙ ውሃው በሁለቱም እኩል ይቆማል፤ ከመሬት እስከ ውሃው ያለውን መለካት ብቻ ነው። ቁጥሩ ትልቅ በሆነበት በኩል መሬቱ ዝቅ ያለ ነው። አስተማሪዋ ግን ትልቁን ቁጥር ስታይ ከፍታ ነው ብላ ጻፈችው። በወረቀት ላይ ስሌቱ እስከ ነጥቡ ድረስ ትክክል ነበር። ካስማ ቸከለች፣ ሲባጎ ወጠረች፣ ሠራተኞቹም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቀጥ ብሎ ወደ እናቷ በር የሚወርድ እጅግ ያማረ ቦይ ቆፈሩ።

ሊቀ ቦይ ሲመለሱ ቦዩን አዩት፣ ወረቀቷን አዩ፣ እሷን አዩ።

"ልጄ" አሉ በሐዘኔታ፣ "ተማሪዎችሽ ደህና ናቸው?"

ሠራተኞቹ ዶማቸውን ጥለው ሳቁ። እሷም ከብዙ ሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቦዩ ተደፍኖ እንደገና፣ አሁን ከቤቱ እየራቀ እንዲወርድ ሆኖ ተቆፈረ። ሥሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ተቀበረበት፣ ላዩ ጠጠር ለበሰ። አሸንዳው ውሃውን ከግድግዳው አርቆ እዚያው ቦይ ውስጥ እንዲያፈስ ተቀጠለ። የምድር ቤቱ በር ከፍ ያለ የሲሚንቶ መድረክ ተሠራለት። እናቷ እንዳይቸገሩ ደግሞ በመድረኩ ላይ የእንጨት መሻገሪያ በልካቸው ተበጀ።

"ለመሆኑ ቱቦው መጨረሻው የት ነው የሚያፈሰው?" ብላ ጠይቃቸው ነበር።

"እሱን ለኔ ተይው" አሏት። ደክሟት ነበርና ተወችላቸው።

ግድግዳው ደረቀ፣ እናቷ ወደ ክፍላቸው ወረዱ። ወንድሟ ግን አላመነም። ክረምቱ ሳይወጣ መኪናውን አስነስቶ መጣ።

"እስኪያባራ ድረስ ብቻ ነው" አለ፣ ዓይኑን ግን እህቱ ዓይን ላይ አላሳረፈም። የእናቷ ሻንጣ ተዘጋጀ። እናቷም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸው እግራቸው ሥር ሆኖ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መስኮቱን ያያሉ።

ወንድሟ ሻንጣውን ሊያነሳ ሲል ዝናቡ ወረደ። የዚያ ቅዳሜ ዝናብ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጠል ነበር። መንገዱ ወንዝ ሆነ፤ መኪናውን ማንቀሳቀስ የማይታሰብ ሆነ። ሦስቱም ወለሉን ያዩ ጀመር። አንድ ጠብታ ከገባ እናቷ ይሄዳሉ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። በመስኮቱ በኩል ውሃው ግቢውን አቋርጦ ጠጠሩ ውስጥ ሲሰወር ይታያል። ወንድሟ በጉልበቱ ተንበርክኮ የግድግዳውን ሥር በእጁ ዳሰሰ። መዳፉን ገልብጦ አየው። ደረቅ ነበር።

"ሻንጣዬን ክፈቱልኝ" አሉ እናቷ። "ሹራቤን አውጡልኝ።"

ወንድሟ ሳይከራከር ከፈተው።

ያን ጊዜ ነው አስተማሪዋ አንድ ነገር ትዝ ያላት። ይህን የመሰለ ዝናብ እየወረደ ሊቀ ቦይ የት አሉ? አንድም ዝናብ አምልጧቸው አያውቅም። ደንገጥ ብላ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ሊቀ ቦይ ቤት ወረደች፣ በራቸውን ገፋ አድርጋ ገባች።

አጥራቸው ሥር፣ ከግቢዋ በኩል፣ በዶማ የተፈለፈለ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው የእሷ ቱቦ ጫፍ ብቅ ብሎ ውሃውን በኃይል ይተፋል። ውሃው የሊቀ ቦይን የጎመን መደብ አጥለቅልቆ፣ ሰላጣውን ነቅሎ፣ በግቢያቸው መሃል ወደ መንገዱ ይወርዳል። እሳቸው ውሃው መሃል በቦት ጫማቸው ቆመው፣ ሠርግ እንዳለበት ሰው ፊታቸው በርቶ፣ በዶማ መንገድ ይጠርጉለታል።

"ጋሼ! ይሄ የኔ ውሃ ነው?"

"የማን ሊሆን ነው ታዲያ? ዳገቱ ላይ ያለሽው አንቺ፣ ከሥርሽ ያለሁት እኔ። ሌላ መውጫ የለውም። ክፍሉ እንዴት ነው?"

"ደረቅ ነው። ጠብታ አልገባም።" ወደ ተጥለቀለቀው መደብ ጠቆመች። "ጎመንዎ ግን… ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ብነግርሽ 'እናስብበታለን' ትይኝ ነበር።" ዶማቸውን ተደግፈው ትንሽ ቆሙ። "ጎመኑን ተይው። በዚህ ሰፈር ሳልፍ ሁሉም እንደሚደበቀኝ አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። እናትሽ ግን ከዚያ መስኮት ሆነው፣ ቦት ጫማዬን ሲያዩ፣ አንድ ቀን ሳይስቱ 'እንደምን ዋሉ ወንድሜ' ይሉኛል። እንደነገሩኝ አራተኛ ፎቅ ከወጡ ማን ሊለኝ ነው?"

አስተማሪዋ ሦስት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ስትስብ፣ ከሥሯ ያለው መስኮት ክፍት እንደነበር አሁን ገና ገባት። ጫማዋን አወለቀች፣ አጥሩን የተደገፈውን አካፋ አንስታ ገባች። ውሃው መንገድ እስኪያገኝ አብረው ጠረጉለት። በየመሃሉ "አመሰግናለሁ ጋሼ" ትላለች፤ እሳቸውም በየመሃሉ "በስተግራ ጥረጊ" ይሏታል።

ሲያባራ እጃቸውን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ አመጣቻቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ አልገባም አሉ።

"በዚህ ቦት ጫማ? ስንት ወር ያደረቅነውን!"

"ይግቡ ወንድሜ" አሉ እናቷ ከወንበራቸው። "ይግቡ፣ ሻይ እየፈላ ነው።"

ገቡ። ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ በእያንዳንዱ እርምጃቸው ቡናማ ውሃ ደረቁ ወለል ላይ ተንዠቀዠቀ። ወንድሟ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አስተማሪዋ ከልማድ የተነሳ መወልወያውን ለማንሳት ጎንበስ ስትል፣ እናቷ ክንዷን ያዟት።

"ተዪው" አሉ። "ይሄኛው ውሃ ይግባ።"